ጅማ ላይ ቅዳሜን በአሳና በእንጉዳይ፤ ከመንጠቆው እስከ መጥበሻው

ጅማ ተቀምጦ ቅዳሜና እሁድ ምን ይሰራል ብሎ የሚያማርር ሰው አይገባኝም። በአመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው፣ በየአቅጣጫው ወንዝ አለ፣ ጫካ አለ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ትንሽ ሄድ ሲሉ ደግሞ ግድብ አለ። የጎደለው እንዴት እንደሚጀመር የሚያሳይ ሰው ብቻ ነው፣ ስለዚህ እኔ የማውቀውን ከነዝርዝሩ ላስቀምጠውና የፈለገ ይጠቀምበት። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልበል፣ ከመንጠቆም ከቦት ጫማም በፊት የሚያስፈልጋችሁ ቦታውን የሚያውቅ የዛው ሰፈር ሰው ነው።

1. አደኑን በአጭሩ እንጨርሰው

አደን እንውጣ የሚሉኝ ልጆች አሉ፣ መልሴ አንድ ነው፣ አይሆንም። በህጉ መሰረት ያለፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው፣ ፈቃድ ደግሞ ቀበሌ ሄዳችሁ የምታወጡት ወረቀት አይደለም። ደግሞስ ምን ልትበሉ ነው? ከርከሮውን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይነካውም፣ ጉሬዛ እንደሆነ ለመብል አይሆንም፣ ድኩላዋ ደግሞ ስንት ቀረችና ነው።

ጫካው ከናፈቃችሁ ሁለት ነገር ልጠቁማችሁ። አንደኛ በቦንጋ መንገድ ወደ ሸቤ ስትሄዱ በለጤ ጫካ ታገኛላችሁ፣ በጠዋት ከደረሳችሁ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ለማየት ብዙ መድከም የለባችሁም። ጫካውን ከመንግስት ጋር ሆነው የሚጠብቁት ዋቡብ የሚባሉ የአካባቢው ማህበራት ናቸው፣ መጀመሪያ እነሱን አግኙና ሰላም በሉ፣ መንገድ የሚያሳያችሁም ከነሱ አይጠፋም። ሁለተኛው የእኔ ምርጫ ነው፣ በቆሎ ሲደርስ ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ማማ ላይ ይደር። ገበሬው ከርከሮና ጃርት ሲያባርር አብራችሁ ትጮሃላችሁ፣ ቆርቆሮ ትደበድባላችሁ፣ በቆሎ ትጠብሳላችሁ፣ ከአደን የሚተናነስ ደስታ የለውም።

2. የት እንሂድ

ለጀማሪ የመጀመሪያው ቦታ ግልገል ግቤ ግድብ ነው፣ ያ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው። ከጅማ በሰርቦ አድርጋችሁ ወደ አሰንዳቦና ደነባ አቅጣጫ ትወጣላችሁ፣ ከመናኸሪያ ሚኒባስ አይጠፋም። ውሃው የተኛበት ድሮ እርሻና ግጦሽ ነበር፣ ስለዚህ የአካባቢው ሰው ከአሳ ጋር የተዋወቀው በቅርብ ነው፣ አሁን ግን ተደራጅተው በመረብ የሚያጠምዱ ልጆች አሉ። እነሱን መጀመሪያ ፈልጓቸው። አካም ጂርቱ ብላችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ ቁርጡሚ (አሳ) ፈልገን ነው የመጣነው ብትሏቸው የትኛው ጥግ ጭቃ እንደሆነ፣ ጉማሬ የት እንደሚውል፣ የማን መረብ የት እንደተዘረጋ ይነግሯችኋል። የሰው መረብ ላይ መንጠቆ ወርውሮ መቅደድ ጸብ ነው፣ ጸቡም ተገቢ ነው። ወደ ግድቡ ግንብ ደግሞ አትጠጉ፣ ፎቶም አታንሱ፣ ጥበቃ አለው።

ቦዬን የሚያነሱ አሉ፣ ቅርብ ነው ከከተማው ጫፍ፣ በባጃጅ ይደረሳል። ወፍ ለማየትና ጉማሬ ከሩቅ ለማየት አሪፍ ነው፣ ለመብላት ግን እኔ ከዛ አሳ አልበላም። አዌቱ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ይዞ ወደዛው ነው የሚወርደው። ጎጀብም አለ፣ ወደ ቦንጋ ስትሄዱ የምትሻገሩት፣ ውሃው ሃይለኛ ነውና ለጊዜው ይቆያችሁ።

ለአሳ ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ጋብ ካለ በኋላ ያለው በጋ ነው፣ ዳርቻው ይደርቃል፣ መቆሚያ ይገኛል። ክረምት ላይ ውሃው ቡና በወተት ይመስላል፣ አሳው ምግቡን በአይኑ ሳይሆን በማሽተት ነው የሚፈልገው፣ ያኔ የሚሸት ነገር ካላንጠለጠላችሁ ዋጋ የለውም።

3. እቃ

ሱቅ ገብታችሁ ውድ ዘንግ ለመግዛት አትቸኩሉ። ሶስት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ቀርከሃ ወይ ሸንበቆ ይበቃል፣ ጥላ ስር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ አድርጉት፣ ጸሀይ ላይ ከጣላችሁት ይሰነጠቃል። ክርና መንጠቆ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ከመርካቶ ይዞላችሁ ይምጣ። ለቆሮሶ (ቲላፒያ ለሚባለው አሳ) ክሩ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር፣ መንጠቆው ትንሽ፣ ቁጥር 8 ወይም 10። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መንጠቆው እንደሚያንስ እወቁ፣ ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚገዛው። ለአምባዛ (ቅርፊት ለሌለው ባለ ጢሙ አሳ) ግን ክሩ 0.40 እና ከዛ በላይ፣ መንጠቆውም ተለቅ ያለ።

ማስመጫ እርሳስ ከፈለጋችሁ ጎሚስታ ቤት ሂዱ፣ ጎማ ባላንስ ሲያደርጉ ነቅለው የሚጥሏት እርሳስ አለች፣ በነጻ ይሰጧችኋል፣ በመዶሻ ቀጥቅጣችሁ ክሩ ላይ ትጠቀልሏታላችሁ (እርሳስ መርዝ ነው፣ በጥርስ እንዳትነክሱት፣ እጅም ታጠቡ)። ተንሳፋፊ ደግሞ ያረጀ የሲሊፐር ጫማ ቁራጭ። አውራ ጣት የሚያክል ቆርጣችሁ መሀሉን በጋለ ሽቦ ብሱና ክሩን አሳልፉበት፣ ወደላይ ወደታች እንዲንሸራተት ሆኖ በክብሪት እንጨት ይቆለፋል።

ቋጠሮው ላይ ጊዜ ስጡ፣ አሳ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉት፣ ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዙት፣ ከዛ ጫፉን መልሳችሁ ቀዳዳው አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍተት ውስጥ አስገቡት፣ በምራቅ አርጥቡና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ደረቁን ከሳባችሁት ክሩ በሰበቃ ይሞቅና ይዳከማል። ከጠበቀ በኋላ መንጠቆውን እንጨት ላይ ሰክታችሁ በደንብ ጎትቱት፣ የሚበጠስ ከሆነ ቤት ይበጠስ።

ሌላው ቦት ጫማ፣ ኮፍያ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ቢላ፣ ጨው፣ ባልዲ፣ ፒንሳ። ፒንሳዋን እንዳትረሱ፣ አምባዛ መንጠቆ ሲውጥ በጣት አይወጣም።

4. ማጥመድ

ትል በዋዜማው ቆፍሩ፣ የከብት እበት የተከመረበት እርጥብ መሬት ስር ቀዩ ትል ሞልቷል። በቆርቆሮ ከነአፈሩ አድርጋችሁ ጥላ ላይ አስቀምጡት። ሊጥም ይሰራል፣ የስንዴ ዱቄት በትንሽ ውሃ ጠንከር አድርጋችሁ ለውሱትና ጥቂት ጥጥ ቀላቅሉበት፣ ጥጡ ውሃ ውስጥ ቶሎ እንዳይበተን ይይዘዋል። ለአምባዛ ከስጋ ቤት ጉበት ወይ አንጀት፣ ትንሽ ሽታ ቢያመጣ ይሻላል እንጂ አይከፋም።

ቦታው ላይ ከንጋቱ 12 ሰአት ብትደርሱ ጥሩ ነው፣ እስከ 3 ሰአት ተኩል ድረስ አሪፍ ጊዜ ነው፣ ቀትር ላይ እረፉ፣ ከሰአት በኋላ 10 ሰአት ላይ እንደገና ይነቃቃል። ቆሮሶ ጥልቀት አይወድም፣ ሳር ያለበት፣ ወገብ የማይሞላ ውሃ ላይ ነው የሚውለው። ተንሳፋፊውን አስተካክሉት ትሉ ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል፣ ወርውሩ፣ ከዛ ዝም በሉ። ብሉቱዝ ስፒከር ይዛችሁ የምትሄዱ ልጆች ሽርሽር ነው የምትሄዱት፣ እሱም መብታችሁ ነው፣ ግን ከኛ ራቅ በሉ።

ቆሮሶ ሲነካ ተንሳፋፊዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ያኔ አትሳቡ፣ እየቀመሰ ነው። ወደ ጎን ስትሄድ ወይ ስትሰምጥ ነው በእጅ አንጓ ብቻ ቀጭ ማድረግ፣ ክንዳችሁን ወደ ሰማይ ከወረወራችሁት ከንፈሩን ትቀዱታላችሁ። አምባዛ ሌላ ነው፣ እሱ ወለል ላይ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ ተንሳፋፊውን አውጡና ትሉን ጭቃው ላይ አሳርፉት፣ ክሩ ቀስ ብሎ ሲወጠርና መሄድ ሲጀምር ሳቡ። ባርበስ የሚባለውን አሳ ከያዛችሁ በሩጫው ታውቁታላችሁ፣ ዘንጋችሁን አቅንታችሁ ካልያዛችሁ ክሩን ይበጥሰዋል።

አያያዝ። ቆሮሶ ጀርባው ላይ እሾህ አለው፣ ከጭንቅላቱ ጀምራችሁ ወደ ኋላ በመዳፍ እየዳበሳችሁ ካስተኛችሁት አይወጋም። አምባዛ በጎንና ጎኑ ክንፎች ላይ ጠንካራ እሾህ አለው፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ከእሾሁ ጀርባ ጨብጡት። ከውሃ ወጥቶም ረጅም ሰአት ስለሚቆይ ሞተ ብላችሁ ሳር ላይ አትተውት፣ እየተሳበ ተመልሶ ይገባል። ጭንቅላቱን በዱላ አንዴ በደንብ መትቶ መገላገል ለሱም ለናንተም ይሻላል።

ቆሮሶ ስትይዙ አፏን ክፈቱና እዩ። ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ነው የምትይዘው፣ ቢጫ ፍሬ ወይ ጭራቸው የሚንቀሳቀስ ትንንሽ ነገሮች ካያችሁ ወዲያው ወደ ውሃው መልሷት። ከመዳፋችሁ የምታንስም ከሆነች ትመለስ፣ አጥንት እንጂ ስጋ የላትም።

5. የማይደረጉ

ብርብራ። ቡና ጥላ ስር ያደገ ሁሉ ዛፉን ያውቀዋል፣ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን አሳው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፣ ድሮ አባቶች ያደርጉት ነበር እየተባለ ዛሬም የሚሞክር አለ። ተዉት። ትልቁንም ትንሹንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ነው የሚጨርሰው፣ ታች ያለው ሰው ደግሞ ከዛው ውሃ ይቀዳል። አሳ በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ በህግም ያስጠይቃል፣ አዋጅ ቁጥር 315/1995ን ማየት ይቻላል። መረብ ዘርግታችሁ ለገበያ ለማጥመድ ካሰባችሁ ደግሞ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ወረዳው ግብርና ቢሮ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ዳር ዳሩን ሳር ላይ ነው የሚኖረው፣ ተውሳኩ ቆዳ ሰርስሮ ነው የሚገባው፣ አንጀትና ጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ቆይቶ ነው የሚታየው። ግድቡ ዙሪያ ወባ አለ፣ ስለዚህ ከመጨለሙ በፊት መንገድ ግቡ። አምባዛ ማታ በደንብ ይያዛል የሚሏችሁ ልክ ናቸው፣ ግን ጉማሬም ሳር ሊግጥ የሚወጣው ማታ ነው። በጉማሬና በውሃው መሀል መቆም ማለት ምን እንደሆነ የግድቡን ልጆች ጠይቋቸው።

6. ማጽዳትና መጥበስ

አሳውን እዛው አጽዱት፣ ሆዱ ሳይወጣ ጅማ ከገባ ግማሹ ጣእሙ ሄዷል። ቆሮሶን ከጭራው ወደ ጭንቅላቱ በቢላ ጀርባ ቅርፊቱን አራግፉ፣ ከታች ካለው ቀዳዳ እስከ ስንጥቡ ድረስ ቆዳውን ብቻ ሰንጥቁ፣ ቢላው ጠልቆ ከገባ ሀሞቱ ይፈሳል፣ ሀሞት የፈሰሰበት ስጋ ይመራል። ስንጥቡን አውጡ፣ ሆዱ ውስጥ ያለችውን ጥቁር ስስ ሽፋን በጨው ፈግፍጋችሁ አስወግዱ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ዝልግልጉን በጨውና በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ቆዳውን ግፈፉት።

ቆሮሶ ሙሉውን ነው የሚጠበሰው። ሁለቱንም ጎን በየጣት ስፋቱ እስከ አጥንቱ ሸንትሩት፣ ጨውና ሎሚ እሹት፣ በጨርቅ በደንብ አድርቁት (እርጥብ ከሆነ ዘይቱ ይፈነጥቅባችኋል)፣ ዘይቱ በደንብ ሲግል ክተቱት። አንዴ ብቻ አገላብጡ። በዳጣ ወይ በአዋዜ፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር። አምባዛ ቅባት ስላለው ለወጥ ይሆናል፣ ቁሌቱን በደንብ አብስላችሁ አሳውን መጨረሻ ላይ ጨምሩና አታማስሉት፣ ድስቱን ብቻ ነቅነቅ አድርጉ፣ አለበለዚያ ገንፎ ነው የሚሆነው። ባርበስ በቀጫጭን አጥንት የተሞላ ነው፣ ህጻናት ባሉበት አልመክርም። ጥሬ አሳ ይጣፍጣል የሚል ሰው ካለ ይብላ፣ የግድብ አሳ ተውሳክ አለው፣ እኔ የለሁበትም።

ለእንግዳ ስታቀርቡ አስቡበት፣ ሙስሊም ጓደኞቻችሁ አሳ ማን አረደው አይሉም፣ ክርስቲያኖቹ ጋ ግን በጾም አሳ የሚበላም የማይበላም አለ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

7. እንጉዳይ

እዚህ ጋ ድምጼን ከፍ አደርጋለሁ። አሳ ቢሳሳቱበት እራት ይቀራል፣ እንጉዳይ ቢሳሳቱበት ግን ሰው ይሞታል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለቅምና ሲበላ የኖረ ሰው ማግኘት ነው፣ ብዙ ጊዜ እናቶች ናቸው፣ እማማ ወይ አዴ ብላችሁ ለምኗቸው፣ ስኳርና ቡና ያዙላቸው። ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይህ ይበላል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ወይ የስልክ አፕ ማመን፣ አይሰራም።

የሚወጣው ዝናቡ ደህና አድርጎ መሬቱን ሲያርሰው ነው፣ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ክረምቱን። በጣም ተፈላጊው ኩይሳ አካባቢ የሚበቅለው ነው፣ ምስጡ ራሱ መሬት ውስጥ የሚያለማው ስለሆነ ሌላ ቦታ አታገኙትም። ምልክቱን ልንገራችሁ። ባርኔጣው አናት ላይ ሾል ያለ ጫፍ አለው፣ በዛ ነው ጠንካራውን መሬት ሰንጥቆ የሚወጣው። ግንዱ መሬት ላይ አያልቅም፣ በቢላ ዙሪያውን እየቆፈራችሁ ስትወርዱ ስር የመሰለ ረጅም ጭራ ሆኖ እስከ ምስጡ ቤት ይወርዳል። ለዚህ ነው እንጉዳይ ነቅሎ ወይ ከላይ ቆርጦ መሄድ ለጀማሪ የማይሆነው፣ መታወቂያው ያለው ከታች ነው። ቆፍራችሁ ጭራ ካጣችሁ ትታችሁት እጃችሁን ታጠቡ፣ በተለይ ከስሩ ከረጢት የመሰለ ነገር ካገኛችሁ፣ ወይ ባርኔጣው ስር ነጭ ከሆነ፣ ወይ ግንዱ ላይ ቀለበት ካለው። የቀረውን ሁሉ የጅብ ጥላ ነው ብላችሁ እለፉት፣ ያመለጣችሁ ጥሩ እንጉዳይ ቢኖር እንኳን ምንም አይደለም።

ተጨማሪ ማጣሪያ ቤት ውስጥ አለ። ግንዱን ቆርጣችሁ ባርኔጣውን ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር ወረቀት ላይ ድፉት፣ ብርጭቆ ክደኑበትና አሳድሩት፣ ጠዋት ዱቄት የመሰለ አሻራ ይተዋል። የምስጡ እንጉዳይ ወደ ሮዝ የሚያደላ ፈዛዛ ቀለም ነው የሚተወው። አረንጓዴ ከሆነ መርዘኛ ነው፣ ሜዳ ላይ በብዛት ይበቅላል፣ መልኩም ያማልላል፣ ጣሉት። ነጭ ከሆነም ለጀማሪ አይሆንም። ይሄ ግን እማማ አያስፈልጉንም ማለት አይደለም።

የሰፈር ፈተናዎቹን እርሷቸው። ነጭ ሽንኩርት ካጠቆረ መርዝ ነው፣ ብር ከቀየረ መርዝ ነው፣ ጦጣ ከበላው ይበላል፣ በደንብ ከተቀቀለ መርዙ ይጠፋል፣ አንዱም እውነት አይደለም። ዋናው ገዳይ መርዝ በእሳት አይጠፋም።

ስትለቅሙ በዘንቢል እንጂ በፌስታል አታድርጉ፣ በፌስታል ታፍኖ ይበላሻል። አይነቱን አትቀላቅሉ። መጀመሪያ ቀን ትንሽ ብቻ፣ በደንብ የበሰለ፣ ያለ አልኮል፣ ለህጻን ሳትሰጡ፣ አንድ ሁለቱን ደግሞ ሳይበስል ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ከበላችሁ በኋላ ስድስትም ይሁን አስራ ሁለት ሰአት ቆይቶ እንኳን ማስመለስና ተቅማጥ ከጀመረ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያንን የተረፈውን ይዛችሁ ነው መሮጥ። የዘገየ ህመም የባሰው ነው፣ በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ሰው ይዘናጋል፣ ውስጥ ውስጡን ግን ጉበቱ እየተጎዳ ነው።

አሰራሩ ቀላል ነው፣ አፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ በእጅ ሸርክቱት፣ ሽንኩርት በቅቤ ወይ ለጾም በዘይት አቁላሉ፣ እንጉዳዩን ጨምሩ፣ ውሃውን እስኪጨርስ ጠብቁ፣ ቃሪያና ጨው መጨረሻ ላይ።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ጫካ መስሏችሁ የምትገቡበት ብዙው የሰው ቡና ነው። በተለይ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ለቀማ ላይ ዘንቢል ይዞ ቡና ውስጥ የሚዞር እንግዳ ማን እንደሚመስል አስቡት፣ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትግቡ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ጉንዳኑ ቀልድ አያውቅም።

8. መመለሻ

አሳውን በሙዝ ወይ በኮባ ቅጠል ጠቅልላችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉበት፣ በረዶ ካገኛችሁ ደግሞ ከስር። እንጉዳዩ ከላይ፣ አሳው ከታች፣ በተለያየ እቃ። በሚኒባስ ከሆነ የምትመለሱት ሁለት ፌስታል ደራርባችሁ እሰሩትና ከወንበር ስር ሳይሆን ከኋላ እቃ መጫኛው ጋ አስቀምጡት፣ ውሃ ከተንጠባጠበ ረዳቱ ሰርቦ ላይ ያወርዳችኋል፣ ሂሳቡንም አይመልስም።